ጋይሮውን ማን ይስብለታል?

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ በጋቢ ጠቅልላችሁ ያመጣችሁልኝ አሮጌ አርቲፊሻል ሆራይዘን፣ የአውሮፕላንን ማዘንበል ለፓይለቱ የሚያሳየው መሣሪያ፣ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይሠራል?» ነበር ያላችሁኝ። ይሠራል። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን የተሠራችው አውሮፕላን «ፀሐይ» በ2016 ከጣሊያን ከተመለሰች ወዲህ አውሮፕላን እንሥራ የሚል ወጣት ሲመጣብኝ ደስ ይለኛል። ግን በእናንተዋ አውሮፕላን ላይ ጋይሮውን፣ በውስጡ የሚሽከረከረውን መዘውር፣ የሚያዞረውን አየር ማን ይስብለታል?

ይህኛው በኤሌክትሪክ አይዞርም። ከጀርባው አየሩ ሲሳብ በፊልትሮው የሚገባው አየር መዘውሩን እየመታ በደቂቃ ሺዎች ዙር ያሽከረክረዋል። ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ኢንች ሜርኩሪ ሳክሽን፣ ማለትም የመሳብ ኃይል፣ ይፈልጋል። የበጋው ቀይ የጅማ አቧራ ደግሞ የጋይሮ ጠላት ነውና በፊልትሮው አትሰስቱ።

የቮልስዋገን ሞተራችሁ አየር የሚስብ ፓምፕ የሚታሰርበት ቦታ ስለሌለው ቬንቹሪ፣ ንፋስ ሲያልፍበት አየር የሚስብ መሃሉ የጠበበ ቱቦ፣ አስባችኋል። የባጃጅ ካርቦራቶሪ ፈታታችሁ የምታውቁ ልጆች አሠራሩ አይጠፋችሁም፤ ቤንዚኑን የሚስበው ያው የጠበበው ጉሮሮ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን አውሮፕላኗ ፍጥነት እስክታገኝ አይስብም፤ ከተነሳችሁም በኋላ ጋይሮው በደንብ እስኪዞር ደቂቃዎች ይወስዳል። በረዶ ከያዘው ይደፈናል። በክረምት ደመናው ጅሬን ላይ ሲተኛ እሱን ተማምኖ መነሳት የለም።

ፓምፕም ቢሆን አደራ አይጣልበትም። ደረቅ የሚባለው ፓምፕ ውስጡ የካርቦን ምላስ አለው፤ ሲሰበር አስቀድሞ አይነግርም። ወጣት ቴክኒሻን ሳለሁ ለሙከራ በረራ ከኋላ ተቀምጬ ፓምፑ ሄደ። ሆራይዘኑ ወዲያው አልወደቀም። ደቂቃዎች ቀጥ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግራ ያዘነብል ጀመር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ተራራው በመስኮት ይታያል፤ የፓይለቱ እጅ ግን መሣሪያውን ተከትሎ መሪውን ወደ ቀኝ ይገፋ ነበር። ብዙ ሺህ ሰዓት የበረረ ሰው ነው። መዞራችንን የሚያሳየው ተርን ኮኦርዲኔተር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለነበር እሱ ወደ ቀኝ መዞራችንን አሳይቶ አዳነን፤ ሳክሽን ጌጁማ ዜሮ ላይ ነበር፣ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

ስለዚህ ሆራይዘኑንና ተርን ኮኦርዲኔተሩን ከአንድ ምንጭ አታጠጡ፤ ጌጁንም ከፓይለቱ ጉልበት በታች አትቅበሩት። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያዋ አውሮፕላናችሁ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያ፣ ኮምፓስ፣ ከደመና ውጭ መብረር ይበቃል። ግን አትሰሙኝም፣ ሆራይዘኑ ሲታይ ያምራል።

የምንጣፍ መጥረጊያ ሞተር ሰክተን እንሞክረዋለን ያላችሁትን ኃይሉን የሚገድብ ሬጉሌተርና ጌጅ ሳታገኙ አታድርጉት፤ ኃይሉ ከበዛ ቤሪንጉን ይበላዋል። ጌጅ እኔ ዘንድ አለ፣ መስታወቱ ብቻ ተሰንጥቋል።