ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በቀቀኔ ከሞተች ወዲህ ጤናዬ ታውኳል

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረውም ብቻዬን ነው። 11 ዓመት አብራኝ የኖረች በቀቀን ነበረችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ስነሣ ከሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ሞታ አገኘኋት። በዋዜማው የምግብ ዕቃዋ ሙሉ ስለነበረ ጠግባ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ አይነጋልኝም፣ ምግብ አያሰኘኝም፣ አንዳንዴም ድምፅዋ ከሳሎን ይሰማኛል። ሰዎች «ለወፍ ነው እንዴ?» ስለሚሉኝ ስለ እሷ ማውራት ትቻለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቷን ጠርጌ አስቀመጥኩት። ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ደረቅ ሳል፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ጀምሮኛል፤ ከሐዘኑ ይሆን? የሚያስተኛ መድኃኒት ልውሰድ? ሌላ ወፍ ማምጣትስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐዘንዎ ከልብ ተሰምቶኛል። ሆኖም በቅድሚያ ስለ ሳልዎ እናገራለሁ፤ ከጻፉልኝ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ሐዘን እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጉልበት ያሳጣል፤ ደረቅ ሳልና ብርድ ብርድ ማለት ግን ከሐዘን የሚመጡ አይደሉም። በቀቀኖች ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዛቸው ይችላል። ይህ ባክቴሪያ ከደረቀ ኩሳቸውና ከላባቸው ብናኝ ጋር ወደ ሰው ሳንባ ሲገባ ሲታኮሲስ የተባለውን በሽታ ያስከትላል። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ደረቅ ሳል ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው በገባ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያሉ። እርስዎ የሽቦ ቤቱን ከጠረጉበት ቀን አንሥቶ ሳልዎ እስከ ጀመረበት ያለው ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

በሽታው ይዞዎታል ብዬ እየደመደምኩ አይደለም፤ ተራ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ገና ከመቀመጥዎም «ቤቴ ውስጥ በቀቀን ነበረችኝ፤ በድንገት ሞተች፤ ቤቷንም እኔ ጠረግሁት» ብለው ይንገሩት። ይህን ካልሰማ ሕመሙን እንደ ተራ የሳንባ ምች ሊያክመው ይችላል። ለሲታኮሲስ በቅድሚያ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ሲሆን፣ ለሳንባ ምች በብዛት የሚሰጡት እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ መድኃኒቶች ግን ይህን በሽታ በወጉ አያድኑም። በጊዜ የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈጥኖ ይሻለዋል። ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ሐሳብዎ ከተምታታብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

አሁን ወደ ሐዘንዎ ልመለስ። «ለወፍ ነው እንዴ?» የሚሉዎት ሰዎች ክፋት ባይኖራቸውም ተሳስተዋል። ኬኔት ዶካ የተባሉት የሐዘን ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ፣ አካባቢው እውቅና የሚነፍገው ሐዘን እንዳለና ሐዘንተኛው በግልጽ ማዘን በመከልከሉ ብቻ ጉዳቱ እንደሚከብድበት አስረድተዋል። የእርስዎም ሐዘን ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ በመሞቷ ላይ ዝምታው ተጨመረበት። ስለዚህ የማይስቅብዎ አንድ ሰው ፈልገው ስለ እሷ በስሟ እየጠሩ ያውሩ፤ ዕንባዎ ከመጣም ይውጣልዎ። እንስሳ የሞተበት ሌላ ሰው ብዙ ሳያስረዱት ይረዳዎታል።

ድምፅዋ ይሰማኛል ማለትዎ እንዳሳፈረዎ ከአጻጻፍዎ ተረድቻለሁ፤ የሚያሳፍር ግን አይደለም። በቀቀን በመንጋ የሚኖር ፍጡር ነው። ጓደኛው ከዓይኑ ሲሰወር «የት ነህ?» እንደማለት ይጣራል፤ መልስ እስኪሰማም አያርፍም። ብቻዋን ከሰው ጋር የምትኖር በቀቀን መንጋዋ ያ ሰው ነው። እርስዎ ወደ ሌላ ክፍል ሲገቡ ትጣራ ነበር፣ እርስዎም ከዚያው ሆነው ይመልሱላት ነበር፤ ይህም ለ11 ዓመት በየቀኑ ተደጋግሟል። አእምሮ እንዲህ ሥር የሰደደ ልማድን በሦስት ሳምንት አይተውም፤ ጸጥታው ሲበዛበት የለመደውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። የሞተ ወዳጅን ድምፅ መስማት በሐዘንተኞች ዘንድ በብዛት የሚታይ ነገር ነው፤ የአእምሮ ሕመም ምልክትም ተደርጎ አይወሰድም። የሚያሳስበኝ ድምፁ የሚያዝዝዎ፣ የሚያስፈራዎ ወይም ከእውነቱ መለየት የሚያቅትዎ ቢሆን ነበር።

ከጽሑፍዎ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ስለ ምግብ ዕቃዋ የተናገሩት ነው። ራስዎን እየወቀሱ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ ወቀሳ አለበት። ወፎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ። በዱር ደካማ ሆኖ የታየ ወፍ ለአዳኝ እንስሳ ስለሚጋለጥ፣ አቅማቸው እስኪሟጠጥ ድረስ ጤነኛ መስለው ይቆማሉ። ላባቸው ክሳታቸውን ስለሚሸፍነውም የደረት አጥንታቸው ሹል መሆኑ በእጅ ካልተዳሰሰ አይታወቅም። የምግብ ዕቃውም ያሳስታል፤ በቀቀን ፍሬውን ፈልፍላ በልታ ገለባውን እዚያው ስለምትጥለው፣ ባዶ ገለባ የሞላበት ዕቃ ከላይ ሲያዩት ያልተነካ ጥሬ ይመስላል። በሌላ በኩል መብላት አቁማ ከነበረም ዕቃው ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሁለቱን በዓይን መለየት ለሚወዳትም ሰው አስቸጋሪ ነው። የእንስሳት ሐኪም እንኳ ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያገኘው በሚዛን፣ በዳሰሳና በምርመራ ነው፤ እርስዎ ከሩቅ በማየት ሊያውቁት ባልቻሉት ነገር ተጠያቂ አይደሉም።

የሚያስተኛ መድኃኒትን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አላዝልዎትም። እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች ሐዘኑን አያቀሉትም፤ ልማድ የመሆን ባሕርይ አላቸው፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው ደግሞ መውደቅን ያስከትላሉ። ይልቅስ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ፣ ጠዋት የፀሐይ ብርሃን ያግኙ፣ እንቅልፍ እንቢ ካለዎም አልጋው ላይ ከመገላበጥ ተነሥተው ይቀመጡ። አልኮል እንቅልፍን የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ሌሊት መልሶ ይቀሰቅሳል። የምግብ ፍላጎትዎ እስኪመለስ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይብሉ፤ ውኃም አይርሱ።

ደረትዎን የሚያጣብቅ ሕመም ቢሰማዎ «ሐዘን ነው» ብለው አይለፉት። ብርቱ ድንጋጤና ሐዘን ታኮትሱቦ የተባለውን ጊዜያዊ የልብ ድካም ሊያስነሣ ይችላል፤ በተለይም የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶችን ያጠቃል፣ የቤት እንስሳ ከሞተ በኋላም መከሰቱ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ይህም ከልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የሚለየው በምርመራ ብቻ ስለሆነ ወዲያውኑ መታየት ያስፈልጋል።

ሐዘንዎ እያደር እየቀለለ፣ አልፎ አልፎም እያገረሸ መሄዱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚውል መከፋት፣ የምንም ነገር ጣዕም ማጣት ወይም ራስን እንደ ጥፋተኛ መቁጠር ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከዘለቀ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ሐኪምዎ ይመዝነው። ስለ ሳልዎ ሲሄዱ ስለ እንቅልፍዎና ስለ ምግብ ፍላጎትዎም አብረው ያንሡት፤ «በወፍ ምክንያት ነው» ማለት አይፈሩ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎ ግን በዚያው ዕለት እርዳታ ይጠይቁ።

ስለ ሌላ ወፍ፣ ፍላጎትዎን ባልቃወምም አሁን ይቆይ እላለሁ። በመጀመሪያ የእርስዎ ምርመራ ውጤት ይታወቅ። ምርመራው በሽታውን ካሳየም ሕክምናዎን ጨርሰው ሐኪምዎ ጤናዎን እስኪያረጋግጥ ይጠብቁ። የሽቦ ቤቱን ደግመው የሚያጸዱ ከሆነ በደረቁ አይጥረጉት፤ ጓንትና አፍንጫን በደንብ የሚገጥም ጭንብል አድርገው፣ በውኃና በሳሙና በደንብ አርሰው ካጠቡ በኋላ በበረኪና ያጽዱትና አየር በሚገባበት ቦታ ይድረቅ። ያን ጊዜም አዲስ ወፍ ቢያስፈልግዎ፣ ወደ ቤት ሳትገባ የእንስሳት ሐኪም እንዲመረምራት ያድርጉ።