«ቀዩን ለምን ቀቡት?»

የእህቴ ልጅ ዋሽንግተን መጥቶ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ቦታ ወሰድኩት። የአሜሪካዊው ቀራፂ የአሌክሳንደር ካልደር «ቀይ ፈረስ» ፊት፣ ቀይ ከተቀባ የብረት ላሜራ የተሠራ ትልቅ ቅርጽ ነው፣ ቆመን፣ «ጋሼ፣ ይሄ ምኑ ነው ፈረስ? ቀዩንስ ለምን ቀቡት?» አለኝ። ፈረሱን ተዉት። የቀለሙ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አለቃችን የበጠበጠውን ቀለም መኪናው ላይ ከመርጨቱ በፊት ጓሮ በተደገፈ አሮጌ ላሜራ ላይ ይሞክረው ነበር። የታክሲ ሰማያዊ፣ የፊያት ቢጫ፣ ክሬም። አንዱ ሲደርቅ ሌላው በላዩ። ጠርዙ ላይ ሲላጥ ቀለሞቹ እንደ ሽንኩርት ተደራርበው ይታያሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ብረት መሆኑን ትረሳላችሁ፤ ከሰዓት ጥላ ሲሆን መልሶ ይከብዳል። አለቃችን ሲጋራውን ለኩሶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። እኛ «ሰውየው ላሜራ አፈቀረ» እያልን እንስቃለን። ምሳ ሰዓት ላይ የምትመጣው ሻይ ሻጭ እንኳ «ዛሬ ምን ቀለም ለበሰ?» ትል ነበር።

ጋራዡ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ጓሮውን ሲያጸዳ ላሜራውን ለቁራሌው ሰጠው። በኪሎ ተመዘነ፣ በጋሪ ሄደ። አለቃችን ምንም አላለም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ያን ያህል ሰዓት ምን እንደሚያይ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቀው መቅረቴ ነው።

አሜሪካዊውን ቀራፂ ዴቪድ ስሚዝን ያወቅሁት ኋላ ነው። በወጣትነቱ ስቱድቤከር መኪና ፋብሪካ ስለሠራ እንደ ሙያ ወንድም ነው የማየው። አንድ ገዢ ከአንዱ ሥራው ላይ ቀዩን ቀለም ቢያስልጥበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራው ከእንግዲህ የእኔ አይደለም ብሎ በጽሑፍ ካደው። በ1965 በመኪና አደጋ ሲሞት ደግሞ፣ ነጭ የተቀቡ አንዳንድ ሥራዎቹ በውርሱ አስተዳዳሪዎች ፈቃድ ተላጡ። ሐያሲዋ ሮዛሊንድ ክራውስ በ1974 የበፊቱንና የኋላውን ፎቶ አውጥታ አጋለጠች። ብረቱ ያው ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ሆነ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ካሮም በ1962 የሠራውን ስድስት ሜትር የሚሆን ቅርጽ መጀመሪያ አረንጓዴ ቀብቶት ነበር። ሠዓሊዋ ሚስቱ ሺላ ገርሊንግ ቀይ ይሻላል አለችው፤ ቀይ ሆነ። ሚስትን መስማት ነው።

ምከረን ካላችሁ፣ እንዲህ ያለ ቅርጽ ስታዩ ዙሩት። ከፊት ሰፊ የነበረው ላሜራ ከጎን ሲታይ ቀጭን መስመር ይሆናል። ካልደር ብሎኑን አልደበቀም፤ አብሮ ቀባው። ጥላው የት ላይ ቀዩን እንደሚያጠቁረው እዩ። የዛሬ ልጆች ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሰልፊ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ይሄ ያናድደኛል። ደግሞ መጀመሪያ ጽሑፉን አታንብቡ። እውነቱን ለመናገር እኔ ጽሑፉን ነው ያነበብኩት፤ ያለዚያ ፈረስ መሆኑን በምን አውቄ!

መንካት ያምራችኋል፤ አትንኩ። እንዲህ ያለ የማያብረቀርቅ ቀለም የእጅ ወዝ ቶሎ ይይዛል፣ ሲያጸዱት ደግሞ ቦታው ላይ ብቻ ያብረቀርቃል። ያንን ለማስተካከል አንዳንዴ ሙሉውን ገጽ እንደገና መቀባት ነው።