የአሮጌ ቮልስ ክላክስ መሪው ሲዞር ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ መሪውን ካዞርኩ ክላክሷ ሳልነካው ይጮኻል፤ እግረኛ ድንገት ሲገባብኝ ግን ብጫነውም ዝም ይላል። አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ የድሮውን ሽቦ ትቶ ከዳሽቦርዱ ሥር የቤት ደወል መጫኛ ልግጠምልህ ብሎኛል። ልስማማ?
አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ አይስማሙ። ክላክስ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ለቤት ደወል የተሠራ መጫኛ ቶሎ ይቃጠላል፤ ከዚያም በላይ እግረኛ በገባብዎት ቅጽበት እጅዎ መሪውን ለቆ ዳሽቦርድ ሥር መፈለግ የለበትም።

በቮልስ ላይ ቁልፉ ሲከፈት ፖዘቲቩ በፊውዝ በኩል ክላክሱ ድረስ ይደርሳል፤ መሪው ላይ ያለው መጫኛ የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው። ይህ መስመር በመሪው ዘንግ በኩል ወደ ታች ሲወርድ ከመሪ ሳጥኑ አጠገብ ክብ የላስቲክ መጋጠሚያ ያገኛል። ላስቲክ ኤሌትሪክ ስለማያስተላልፍ በላዩ የሚሻገር አጭር ሽቦ ተደርጎለታል፤ ይህ ሽቦ መሪው በዞረ ቁጥር እየታጠፈ ከዓመታት በኋላ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ክላክስዎ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሳይነኩት የሚጮኸው ደግሞ ከክላክሱ የሚመጣው ቡናማ ሽቦ ተልጦ ብረት ሲነካ ነው። ሁለቱ ጉድለቶች በአንድ መኪና ላይ አብረው መገኘታቸው አያስገርምም፤ ሽቦዎቹ እኩያ ናቸውና።

ከመፍታትዎ በፊት ግን ክላክሱን ራሱን ይፈትሹ። ከግራው የፊት ፓራፋንጎ ሥር ቡናማውን ሽቦ ነቅለው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ ሽቦው የተነቀለበትን ጫፍ በሌላ ሽቦ ቀለም ከሌለው የቦዲ ብረት ጋር ያገናኙት። ከጮኸ ክላክሱም ፊውዙም ደህና ናቸው፤ ችግሩ መሪው ላይ ነው። ካልጮኸ በሌላኛው ጫፍ ፖዘቲቭ መድረሱን በቴስተር ይለኩ፤ ካልደረሰ የፊውዙን ጫፎችና መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት መጠቅለል የእሳት አደጋ ስለሚያመጣ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ወደ መሪው ሲሄዱ ከኋላ መቀመጫው ሥር ካለው ባትሪ ኔጌቲቩን ያላቁ። የተበጠሰውን መሻገሪያ በብዙ ቀጫጭን ክሮች በተሠራ ተጣጣፊ ሽቦ ይተኩት፤ ወፍራም ነጠላ ሽቦ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይሰበራል። የተላጠውን ቡናማ ሽቦም በፕላስተር ብቻ ከመጠቅለል ይልቅ ሙሉውን ይቀይሩት። አዲስ ክላክስ መግዛት ካስፈለገዎ ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት ባትሪዎ 6 ወይስ 12 ቮልት እንደሆነ ያረጋግጡ፤ በዚያ ዘመን ሁለቱም ዓይነት ይሠሩ ነበር።