ቬኒር ብቻ ነው መስራት የምፈልገው ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ መልዕክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። የጥርስ ህክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፣ ስትመረቂ ቬኒር (የፊት ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ስስ ሽፋን) እና ጥርስ ማንጣት ላይ ብቻ መስራት ትፈልጊያለሽ፣ ሙሌትና ሩት ካናል (የጥርስ ነርቭ ህክምና) አሰልችቶሻል፣ እና የውበቱን ኮርስ ከአሁኑ ልጀምረው ወይ ነው ያልሽው። እኔ ወደ ምክር ስራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት በሽተኛ ወንበር አጠገብ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ፣ ኮርሱ ይቆይሽ። መጀመሪያ የፊት ጥርስ ሙሌት ላይ እጅሽን አፍቺ።

ለምን መሰለሽ፣ ሁለቱ የተለያዩ ስራዎች አይደሉም። ቬኒርም የሚጣበቀው ሙሌት በሚጣበቅበት መንገድ ነው፣ ኢናሜሉን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ በአሲድ ታሻክሪዋለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ታደርቂያለሽ፣ ቦንድ (ማጣበቂያ) ቀብተሽ በላይት ታጠነክሪያለሽ፣ ቡኦኖኮሬ የሚባል የጥርስ ሐኪም በ1955 እ.ኤ.አ. የአሲዱን ነገር ካሳየ ወዲህ መሰረቱ ያው ነው፣ መሀል ላይ ምራቅ ከገባ ደግሞ ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ። ሙሌት ላይ ምራቅ መቆጣጠር ያልለመደ እጅ ቬኒር ላይ ከየት ያመጣዋል?

የራሴን ልንገርሽ። ጀማሪ እያለሁ የአንዲት ልጅ የፊት ጥርስ ጫፉ ተሰብሮ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ሰራሁላት፣ ቀለሙን የመረጥኩት ግን ጥርሱን በጥጥ ከልዬ በአየር ካደረቅኩት በኋላ ነበር። ጥርስ ሲደርቅ ይነጣል፣ ይሄን በፈተና ላይ ፅፌዋለሁ፣ እጄ ላይ ግን አልነበረም። በማግስቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ መጣች፣ ጥርሷ እርጥበቱን መልሶ ወደ ራሱ ቀለም ገብቷል፣ የኔ ሙሌት ብቻ ጫፉ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ብሎ ቁጭ። አፍርሼ ደገምኩት። ከዛ ቀን ጀምሮ ሼድ ጋይዱን (የጥርስ ቀለም ማነፃፀሪያውን) የማወጣው ሰውየው ገና እንደተቀመጠ፣ አፉ እርጥብ እያለ፣ ከተቻለ በቀን ብርሃን ነው።

ሌላው ጉዳይ በሽተኛው የሚጠይቅሽና የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። አንድ ጥርሱ ብቻ የጠቆረበት ሰው ስድስት ቬኒር ስሪልኝ ብሎ ይመጣል፣ አንቺ ግን ልጅ እያለህ ወድቀህ ነበር ወይ ብለሽ ስትጠይቂውና ኤክስሬይ ስታነሺው ነርቩ ሞቶ ታገኚዋለሽ፣ መፍትሄው ያ አሰልቺ ያልሽው ሩት ካናል ይሆንና ከዛ ጥርሱን ከውስጥ ማንጣት ነው፣ አምስቱ ጤነኛ ጥርሶች ሳይነኩ ይተርፋሉ ማለት ነው። ለቬኒር አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሞረዳል፣ ጥርሱን ዙሪያውን ለሚሸፍነው ለክራውን ደግሞ እንደቦታው እስከ 2 ሚሊሜትር፣ የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። በ20 ዓመቱ ያስሰራ ልጅ በህይወቱ ደጋግሞ ማስቀየሩ አይቀርም፣ ይሄን ሳትነግሪው ድሪል እንዳታነሺ በጣም አደራ። ማንጣትም እንደዛው፣ የድሮ ሙሌትና ክራውን አይነጣም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማንጣት፣ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ፣ ከዛ ሙሌቱን በአዲሱ ቀለም መቀየር።

ስለ ስራ ፍለጋው ደግሞ፣ ሰርተፍኬት ከመደርደር ሶስት ኬስ ይዘሽ ግቢ፣ በፊትና በኋላ በአንድ አይነት ብርሃንና አንግል የተነሱ፣ በሽተኛው በፅሁፍ የፈቀደባቸው። አንዱ ኬስ ቬኒር ተጠይቀሽ በቀላል ሙሌት ወይም በማንጣት የጨረስሽው ቢሆን እኔ ቀጣሪ ብሆን እሱን ነው የማየው። ኢንተርቪው ላይ አንቺም ጠይቂ፣ ከባድ ኬስ ሲመጣ አጠገቤ ማን አለ በይ፣ ክፍያሽ በሰራሽው ቬኒር ቁጥር ነው ካሉሽ ደግሞ ቶሎ እሺ አትበይ፣ አይሆንም ማለት ያለብሽ ቀን ይከብድሻል።

እስከ ምረቃሽ ባለው ጊዜ በተነቀሉ ጥርሶች ላይ የፊት ጥርስ ጫፍ መስራት ተለማመጂ፣ ፎቶውን ከሲቪሽ ጋር ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።