ስትሪሚንግ እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይተዳደር? ጥያቄና መልስ

ስለ ብሪታንያ የሚዲያ ሕግና ስለ ስትሪሚንግ (ፊልምና ፕሮግራም በኢንተርኔት ማሳየት) ቁጥጥር የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ነው የሚታየው። የቴሌቪዥን ሕግ ምን ያገናኘዋል?

የድሮው ቁጥጥር መነሻ የአየር ሞገድ ነበር። ሞገዱ ውስን የሕዝብ ሀብት ስለሆነ፣ ፈቃድ የወሰደ ጣቢያ ግዴታም አብሮ ይወስዳል። ኢንተርኔት ላይ ይህ ምክንያት አይሠራም። ተመልካቹ ግን ያው ነው። በሪሞት ከጣቢያ ወደ መተግበሪያ ሲያልፍ የሚጠብቀው ሕግ መቅረቱን አያውቅም። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የኔትፍሊክስ የአውሮፓ መቀመጫ ኔዘርላንድስ በመሆኑ የብሪታንያው ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ሥልጣን አልነበረውም። የ2024ቱ የሚዲያ ሕግ የመጣው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ታዲያ ምን ይለወጣል?

መንግሥት «ደረጃ አንድ» ብሎ የሚሰይማቸው ትልልቅ አገልግሎቶች ኦፍኮም የሚያወጣውን የይዘት ደንብ ያከብራሉ። ተመልካች ቅሬታውን ለኦፍኮም ማቅረብ ይችላል። ቅጣቱ እስከ 250,000 ፓውንድ ወይም ከገቢው 5 በመቶ ይደርሳል፤ የሚወሰደው የሚበልጠው ነው።

እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። ለእኔስ ምን ይዟል?

ከሕጉ ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ ይህ ክፍል ነው። የተደራሽነት ደንቡ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ አገልግሎቱ ከሚያቀርባቸው ፕሮግራሞች 80 በመቶው የግርጌ ጽሑፍ፣ 10 በመቶው ለዓይነ ስውራን የድምፅ ገለጻ፣ 5 በመቶው ደግሞ የምልክት ቋንቋ ሊኖረው ይገባል። በሁለተኛው ዓመት የዚህ ግማሽ ይጠበቃል። የድምፅ ገለጻ ማለት ንግግሩ ጋብ ሲል በስክሪኑ ላይ የሚሆነውን የሚነግር ድምፅ ነው። 10 በመቶ ግን ያንሳል። ዓይነ ስውር ተመልካችም እንደ ሌላው ከፍሎ ነው የሚያየው።

ኩባንያዎቹ በራሳቸው እያሟሉት አይደል? ሕግ ምን ያደርጋል?

ዛሬ ብዙ መሻሻል አለ፣ እውነት ነው። እንዴት እንደመጣ ግን እንይ። በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር ኔትፍሊክስን ፍርድ ቤት አቆመው። በ2012 በስምምነት ተቋጨ፤ ኩባንያው በ2014 በስትሪሚንግ የሚያቀርበውን ሁሉ የግርጌ ጽሑፍ ሊያስገባለት ቃል ገባ። በ2015 ደግሞ ጀግናው ዓይነ ስውር የሆነው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም «ዴርዴቪል» ያለ ድምፅ ገለጻ ቀረበ። ዓይነ ስውራን ተመልካቾች ተቃወሙ፤ ገለጻው ብዙም ሳይቆይ ተጨመረ። ሁለቱም የመጡት በግፊት ነው። ለእያንዳንዱ ኩባንያ አዲስ ክስና አዲስ ዘመቻ ማካሄድ የተመልካቹ ሸክም መሆን የለበትም።

ኮታው ከሞላ ችግሩ አለቀ ማለት ነው?

በፍጹም። በመቶኛ የሚለካው ብዛት ነው። ስሞችን የሚያበላሽ፣ ከንግግሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደኋላ የሚቀር ጽሑፍም በቁጥሩ ውስጥ ይገባል። የመተግበሪያው ማውጫ በስክሪን አንባቢ (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ካልተነበበ ደግሞ፣ ዓይነ ስውሩ የድምፅ ገለጻውን ከየት አግኝቶ ይከፍተዋል? ተቆጣጣሪው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።

ትንንሾቹ አገልግሎቶች ከገበያ አይወጡም?

ደንቡ ወጪን፣ የተመልካች ብዛትንና የቴክኒክ ችግርን እያየ አንዳንድ ፕሮግራሞችን ከግዴታው ውጭ ማድረግ ይፈቅዳል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

ዩቲዩብስ?

ተጠቃሚ የሚጭነው ቪዲዮ ብሪታንያ ውስጥ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ በ2023 በወጣው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ።

የግርጌ ጽሑፉ ሲበላሽ ቅሬታ እንዴት ላቅርብ?

መጀመሪያ ለራሱ ለአገልግሎቱ ጻፉ። የፕሮግራሙን ስም፣ ክፍሉን፣ ደቂቃውን፣ ያያችሁበትን መሣሪያ አስፍሩ። ያው ፕሮግራም በስልክ ደህና ሆኖ በቴሌቪዥን ሊበላሽ ስለሚችል መሣሪያውን አትርሱ። መልሳቸውን አስቀምጡት፤ ወደ ተቆጣጣሪው ስትሄዱ ማስረጃችሁ እሱ ነው።