መልስ፦ እህቴ በርካሽ ትኬት ጅዳ ብትሄድ ያሰጋል ወይ?

አብሽሪ። የጠፋ አውሮፕላን ዜና ሰምታችሁ «ትኬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው» መባሉ አያስኬድም። ትኬቱ የሚረክሰው ርካሽ አየር መንገዶች በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ስለሚሠሩ፣ ወንበር ስለሚያጠጋጉ፣ ሻንጣና ምግብ ለብቻ ስለሚያስከፍሉ ነው። በ2006 ዓ.ም. የካቲት የተሰወረው የማሌዥያ አውሮፕላንማ ጭራሽ የርካሽ አየር መንገድ አልነበረም።

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ከኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ወደ ሲንጋፖር ሲበር 162 ሰው ያለቀበት የኤርኤዥያ ኤርባስ ግን የርካሽ አየር መንገድ ነበር። ያኔ ሰዉ ሁሉ በደመናው አሳበበ። ምርመራው ያገኘው ሌላ ነው፤ የጅራቱን መሪ እንቅስቃሴ የሚገድበው መሣሪያ ውስጥ ብየዳው ተሰንጥቋል። ብልሽቱ በ12 ወር 23 ጊዜ ተመዝግቦ ከሥሩ አልተጠገነም። አየር ላይ ማስጠንቀቂያው ሲደጋገም የበረራ ኮምፒውተሮቹ ኃይል ተቋረጠ፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት ሥራ አቆመ፣ አብራሪዎቹም አፍንጫውን ከልክ በላይ ቀና አድርገው አውሮፕላኑ መንሳፈፍ አቃተው።

ስለዚህ ዋጋውን ተይውና ትኬቱ ላይ በትክክል የሚያበረው አየር መንገድ ማን እንደሆነ እዪ፤ ከሻጩ ሊለይ ይችላል። ስሙን በአውሮፓ ኅብረት የታገዱ አየር መንገዶች ዝርዝር ላይ፣ ቀጥሎ በዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር (አያታ፣ IATA) የደኅንነት ኦዲት መዝገብ ላይ ፈልጊ። ሁለተኛው ላይ መታጣቱ ብቻውን አያስጥልም፤ የመጀመሪያው ላይ ከተገኘ ግን ትኬቱን ቀይሩ። በፍርሃት ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳትን የኮምቦልቻውን በረራ ትታ ከደሴ በጣርማበር ተራራ መንገድ በአውቶቡስ ብትወርድ ደግሞ አደጋውን አበዛችው እንጂ አልቀነሰችውም።