ፒያኖን እንደ ከበሮ፦ ስለ ኤዲ ፓልሜሪ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሰሞን ኤዲ ፓልሜሪ ስለሚባለው የላቲን ጃዝ ፒያኒስትና የባንድ መሪ ጥቂት ነገር ጽፌ፣ «በእሱ እጅ ፒያኖ ከበሮ ይሆናል» ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ዛሬ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ስሙን ያወቅሁት ካንተ ጽሑፍ ነው። ሰውየው ማን ነበር? ከየትኛው ሥራው ልጀምር?» (ከአዳማ)

ኤዲ ዲሴምበር 15 ቀን 1936 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ስፓኒሽ ሃርለም በሚባለው ሰፈር ተወለደ፤ ያደገው ሳውዝ ብሮንክስ ነው። ወላጆቹ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከፖንሴ ከተማ የመጡ ናቸው። አባቱ ብሮንክስ ውስጥ አነስተኛ ምሳ ቤት ነበራቸው። ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ እያስተናገደ፣ ሳንቲም እየጎረሰ ሸክላ የሚያጫውተውን ጁክቦክስ የሚቆጣጠረው እሱ ነበር። ጆሮው የተከፈተው እዚያ ነው ብል አላጋንንም። ዘጠኝ ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ቻርሊ ስመ ጥር ፒያኒስት ነበር፤ ኤዲም ፈለጉን ተከተለ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ማርጋሬት ቦንድስ ክላሲካል ፒያኖ አስተማረችው፤ በ11 ዓመቱም ካርኔጊ ሆል ሕንፃ ውስጥ ባለው ትንሽ አዳራሽ ተጫወተ። በየባንዱ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከ1958 እስከ 1960 ከቲቶ ሮድሪገስ ታላቅ ኦርኬስትራ ጋር ከሠራ በኋላ፣ በ1961 «ላ ፐርፌክታ» የተባለውን የራሱን ባንድ መሠረተ። ያረፈው ኦገስት 6 ቀን 2025፣ በ88 ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ በ1965 የወጣውን «አሱካር ፓ ቲ» የተባለ አልበም አዳምጥ፤ «ስኳር ላንቺ» እንደማለት ነው። በዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚያስተናግደው የሦስት ደቂቃ ዘፈን ነበር፤ በአልበሙ ውስጥ ያለው «አሱካር» የተባለው ዘፈን ግን ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት፣ መብራት አጥፍቼ ነበር። የፒያኖው ሶሎ ሲመጣ ሁለት ሰው የሚጫወት መሰለኝ። ግራ እጁ ያንኑ አጭር ሐረግ ይመላልሰዋል፤ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ አንድ ምት አያጎድልም። ቀኝ እጁ ደግሞ ከላይ እንዳሻው ይሄዳል፤ ይዘገያል፣ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ሆን ብሎ የተጋጩ የሚመስሉ ድምፆችን አንድ ላይ ይመታል። ከስር የሚሰማው ማጉረምረም የቅጂ ችግር አይደለም፤ የራሱ የኤዲ ድምፅ ነው። ሲጫወት ከሆዱ ያቃስታል፤ በብዙ ሸክላዎቹ ላይ ይሰማል። አልበሙ በ2009 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚጠበቁ ቅጂዎች መዝገብ ገብቷል። ከእሱ ቀጥሎ ወንድሙ ቻርሊ ኦርጋን የተጫወተበትን የ1971ዱን «ባሞኖስ ፓል ሞንቴ» ስማ።

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ፒያኖ ካስተማርኩት በኋላ ‹ከበሮ ካልሆነ አልማርም› አለኝ። ገንዘቤም ድካሜም ውሃ በላው?» (እናት፣ ከሐዋሳ)

እመቤቴ፣ ኤዲ ፓልሜሪም ልክ በ13 ዓመቱ ፒያኖውን ትቶ በአጎቱ ባንድ ቲምባሌስ ይመታ ነበር። ቲምባሌስ በብረት ማቆሚያ ላይ የሚቆሙ፣ በቀጭን ዱላ የሚመቱ ጥንድ ከበሮዎች ናቸው። ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ መዞሩ ከብዶት ብዙም ሳይቆይ ወደ ፒያኖው ተመለሰ። ከበሮው ግን ከእጁ አልወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ራሱን «ሳይሳካለት የቀረ ከበሮ መቺ» እያለ ይጠራ ነበር፤ ያንን ቁጭት የሚወጣው በፒያኖው ላይ ነው። ወጣት ሳለ ቁልፎቹን አለቅጥ እየደበደበ በማስቸገሩ «ፓንቾ ሮምፔቴክላስ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል፤ ቁልፍ ሰባሪው ፓንቾ ማለት ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከበሮውን እፈቅድለታለሁ፤ ፒያኖውን ግን አልሸጠውም።

«ስለዚህ ሙዚቃ የሚያወሩ ሰዎች ‹ክላቬ› የሚሉት ነገር አላቸው። ሁሉም እንደ ሃይማኖት ያከብረዋል፤ እኔ ግን አልገባኝም።» (ከባሕር ዳር)

በወሬ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚገባው። አሁኑኑ ጠረጴዛው ላይ ሞክር። ከ1 እስከ 16 በእኩል ፍጥነት ቁጠር፣ ሲያልቅ ሳታቋርጥ ወደ 1 ተመለስ። 1 ላይ፣ 4 ላይ፣ 7 ላይ፣ 11 ላይ እና 13 ላይ አጨብጭብ። ሌላው ዝም። ክላቬ የሚባለው ይኸው ምት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጭብጨባዎች ተራርቀው ይወረወራሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ወደ መሬት ይመልሱሃል። ፊተኛው ወገን ጥያቄ፣ ኋለኛው መልስ ነው። ሦስቱ ቀድሞ ሁለቱ ሊከተል ይችላል፤ ሁለቱ ቀድሞ ሦስቱ የሚከተልበትም አለ። ዋናው ነገር፣ ዘፈኑ አንዴ ከተጀመረ ተራው እንደማይዛባ ማወቅ ነው። ዘፋኙ፣ ተቀባዮቹ፣ ቤዙ፣ በእጅ የሚመታው ረጅም ከበሮ ኮንጋው፣ ፒያኖው ሁሉም ሐረጋቸውን የሚሰፉት በዚህ ክር ላይ ነው። አንዱ ከተቃራኒው ወገን ቢገባ ተጫዋቾቹ «ተሳሳተ» ሳይባባሉ ይተያያሉ፤ ጨፋሪውም ለምን እንደሆነ ሳያውቀው እግሩ ይያዛል።

እኛ ከልጅነታችን የለመድነው ጭብጨባ አብዛኛውን ጊዜ እኩል እኩል የሚወድቅ ነው። ለዚህ ይመስለኛል መጀመሪያ ላይ 7 ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ጭብጨባ እንደ ስህተት የምትሰማን። አንድ ሳምንት ታገሣት። እኔ ድንች እየላጥኩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በጣቴ ጭኔን እየመታሁ ነው የለመድኳት። አንድ ቀን ሳልቆጥር መጣች፤ ከዚያ ወዲያ የፓልሜሪን ግራ እጅ ስሰማ ክላቬው ማንም ሳይመታው ይሰማኛል። ምቱን የሚመታ እንጨት ባይኖርም ሙዚቀኞቹ ሁሉ ልባቸው ውስጥ ይዘውታል።

«ባንዱ ውስጥ ለምን ትሮምቦን? መለከት አልተሻለም?» (ከድሬዳዋ)

ማምቦ የሚባለውን የኩባ የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወቱት ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች፣ ማለትም የማቺቶ፣ የቲቶ ፑዌንቴና የቲቶ ሮድሪገስ፣ መለከትና ሳክስፎን ደርድረው ነበር ፓላዲየም በተባለው የብሮድዌይ ጭፈራ ቤት የሚነግሡት። ኤዲ ባንድ ባቋቋመበት ሰሞን ደግሞ ፋሽኑ ዋሽንትና ቫዮሊን ያለው ቻራንጋ ነበር። እሱ ዋሽንቱን እንዳለ ይዞ፣ ቫዮሊኖቹን አውጥቶ፣ በምትካቸው ሁለት ትሮምቦን አስገባ፤ ትሮምቦን ቱቦው እየተሳበ የሚነፋ፣ ከመለከት ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው። አንደኛው ተጫዋች ብሮንክስ ያደገው አይሁዳዊ ባሪ ሮጀርስ ነው፤ ሁለተኛው ከብራዚል የመጣው ሆሴ ሮድሪገስ። ወንድሙ ቻርሊ ይህን ድብልቅ ሲሰማ «ትሮምባንጋ» ብሎ ሰየመው። ጥቂት ሰዎች የያዙት መድረክ እንደ ትልቅ ኦርኬስትራ ያገሳ ጀመር። ለእኔ ባሪ ሮጀርስ የዚህ ባንድ ግማሽ ልብ ነው፤ ስሙ ከኤዲ ስም ጋር አብሮ አለመነሳቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ላ ፐርፌክታ በ1968 ተበተነ፤ ትሮምቦን ከፊት የማሰለፉን ነገር ግን ዊሊ ኮሎንን የመሳሰሉ ከኋላው የመጡ ወጣቶች ወሰዱት።

«ሳልሳና ላቲን ጃዝ አንድ ናቸው?» (ስም ያልተጻፈበት)

አይደሉም፤ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። ከበሮው አንድ ነው። ሳልሳ በዘፋኝና በተቀባዮች ይመራል፣ ለጭፈራ ነው። ላቲን ጃዝ ድምፃዊውን ወደ ጎን አድርጎ በዚያው ምት ላይ የጃዝን ሃርመኒና የመሣሪያ ፈጠራ ያስገባል። ኤዲ «ሳልሳ» የሚለውን ቃል አይወደውም ነበር፤ በስፓኒሽ ትርጉሙ የምግብ ስጎ ነውና። ጓጓንኮ፣ ዳንሶን፣ ማምቦ፣ እያንዳንዱ ምት የራሱ ስም አለው ባይ ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ሁሉ «ያበሻ ዘፈን» ብሎ ማለፍ እንደማለት ነው። እሱ በሁለቱም ቤት ኖሯል። በ1966 ከቫይብራፎን ተጫዋቹ ካል ጃደር ጋር፣ በ1994 ደግሞ ያለ ዘፋኝ በሠራው «ፓልማስ» የጃዙን ወገን ትሰማለህ።

«ሙላቱ አስታጥቄም በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ነበሩ ይባላል። ግንኙነት አላቸው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አብረው ሠርተዋል የምልበት ነገር የለኝም፤ ያንድ ከተማና ያንድ ዘመን ሰዎች መሆናቸው ግን እውነት ነው። ጋሽ ሙላቱ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ብለው በሰየሙት ባንድ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር ሁለት የ«አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎችን ቀድተዋል። ከዘፈኖቹ አንዱ የእኛው የጦረኞች ዜማ ሆኖ በስፓኒሽ ነው የተዘፈነው። ላ ፐርፌክታ በዚያን ጊዜ የከተማው ወሬ ነበር። የጋሽ ሙላቱን የኮንጋ ፍቅር ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ፣ ያንን ሸክላ «አሱካር» አጠገብ አስቀምጦ ተራ በተራ ማዳመጥ በቂ ነው።

ሌላም የሚያስደስተኝ ነገር አለ። ጋሽ ሙላቱ የተማሩበት የቦስተኑ በርክሊ በ1945 ሲከፈት ስሙ «ሺሊንገር ሃውስ» ነበር፤ ሙዚቃን በሒሳብ ቀመር በሚተነትነው በጆሴፍ ሺሊንገር ዘዴ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ቤት ነው። ኤዲም ከጊታሪስቱ ቦብ ቢያንኮ ዘንድ ሄዶ የተማረው ይህንኑ የሺሊንገርን ዘዴ ነው። ሁለቱም ከበሮ የሚወዱ ሰዎች ከአንድ ምንጭ አጠገብ አልፈዋል።

«ስንት ግራሚ አለው?» (ከአዲስ አበባ)

ከቁጥሩ ይልቅ የመጀመሪያው ታሪክ ይበልጣል። ግራሚ ለላቲን ሙዚቃ የራሱን ዘርፍ ሲከፍት፣ በ1976 የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደው የኤዲ «ዘ ሰን ኦቭ ላቲን ሚውዚክ» ነው። በዚያ አልበም የሚዘፍነው ላሎ ሮድሪገስ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ኤዲ በድጋሚ አሸነፈ። ላቲን ጃዝ ለብቻው ዘርፍ እንዲሆን ከወተወቱት አንዱ እሱ ነው፤ በ1995 ተሳካ። በ2011 አዘጋጆቹ ዘርፎቹን ከ109 ወደ 78 ሲያወርዱ ላቲን ጃዝን ሰረዙት፤ ሙዚቀኞቹ ጮኹ፣ በ2012 ተመለሰ።

«እስር ቤት ውስጥ የተቀዳ አልበም አለው የሚባለው እውነት ነው?» (ከጅማ)

እውነት ነው። በ1971 «ሃርለም ሪቨር ድራይቭ» በሚል ስም የጥቁር አሜሪካ ሶል ተጫዋቾችንና የላቲን ሙዚቀኞችን አንድ ባንድ ውስጥ አገናኘ። ስሙ የሃርለምን ጥግ ይዞ የሚያልፍ ፈጣን መንገድ ነው፤ ባለ መኪናው ሰፈሩን ሳያይ የሚያልፍበት። በሴፕቴምበር 1971 በዚያው በኒው ዮርክ ግዛት፣ አቲካ እስር ቤት አመፅ ተነስቶ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሸክላ ኤዲ ሲንግ ሲንግ እስር ቤት ገብቶ ለእስረኞች የተጫወተበት ነው። በጥራት ከሌሎቹ ያንሳል፤ እኔ የማዳምጠው ለታዳሚው ነው። ሙዚቃው ሲጀምር የሚነሳው የእስረኞቹ ድምፅ ከባንዱ እኩል ይሰማል።

«ዱባይ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ቀኝ እጄ እንደ ልቡ ይሮጣል፤ ግራው ግን ቀኙ ሲነሳ ቆሞ ያየዋል። እንደ ፓልሜሪ እንዲሆን ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በሁለት ኮርድ ብቻ የሚመላለስ አጭር ሐረግ ያዝ። ለግራ እጅህ ስጠው፤ ቀኝህን ኪቦርዱ ላይ አታሳርፍ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ግራው ብቻ ይሂድ፣ ድምፁን አጥፍተህ ቢሆንም። ሲረጋጋ በቀኝ እጅህ ከላይ የጻፍኩትን ክላቬ ጭንህ ላይ ምታ። ግራው ከተደናቀፈ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንስ፤ አታፍርበት። በሦስተኛው ሳምንት ክላቬውን ወደ አንድ ቁልፍ አምጣው፣ አንዲት ኖታ ብቻ። ቀጥሎ ሁለት። ግራው መልመዱን የምታውቅበት መንገድ ይሄ ነው፦ እየተጫወትክ የክፍል ጓደኛህ ጥያቄ ይጠይቅህ፣ አንተም መልስለት። ወሬው ሳይቆራረጥ ሐረጉም ሳይሰበር ከሄደ፣ ቀኝ እጅህን ልቀቀው።